ስለ ሥነ ልቡና ሙከራ ንድፍ፤ የሕዝቦች ንጽጽር ምን ያስረዳል?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንዱን ሕዝብ ከሌላው ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ፈተና ላይ የተለያየ ውጤት ያገኛሉን? የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ልዩነት ቢገኝ ምክንያቱ ምንድን ነው? የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ማግኘት እምብዛም አያስቸግርም፤ ፈተናውን ይዞ ሄዶ ውጤቱን መዝግቦ መመለስ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን የሚያስፈልገው ንድፍ ነው፤ ይኸውም መርማሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚለውጥ፣ ምን ሳይለወጥ እንደሚይዝ፣ ማንን ከማን ጋር እንደሚያመሳክር ወስኖ የሚነሣበት ሥርዓት ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ስላልተስተዋለ፣ የመጀመሪያው መልስ የሁለተኛው መልስ መስሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ጉዳቱም በመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። አንድ ሕዝብ ረቂቅ ነገር ለማሰብ አይችልም ተብሎ አንድ ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ፣ ትምህርት ቤት የሚያቋቁምለትም፣ መጽሐፍ የሚያዘጋጅለትም፣ ልጆቹን ለሥራ የሚመርጠውም ያንኑ ቃል ይዞ ይነሣል። ስለዚህ የሙከራ ንድፍ ጉዳይ ለሥነ ልቡና ባለሙያ ብቻ የተተወ ሳይሆን፣ የሕዝቦችን ኑሮና ባሕል የሚያጠና ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ዐይነቱ ጥናት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሕዝብ መካከል ከገባባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ 1898 ነው። በዚያ ዓመት በአልፍሬድ ኻደን መሪነት ከኬምብሪጅ የተነሣ የሊቃውንት ጓድ፣ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ወደሚገኙት የቶረስ ወሽመጥ ደሴቶች ሄደ። ከጓዱ አባሎች መካከል ሐኪሙ ዊልያም ሪቨርስ የደሴቶቹን ሰዎች የማየት ችሎታ መረመረ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ፣ ከሥልጣኔ ርቆ የሚኖር ሕዝብ አእምሮው ቢደክምም ዐይኑና ጆሮው ከሌላው ሁሉ ይስላል የሚል አሳብ ተስፋፍቶ ነበር። ሪቨርስ ሲለካው ግን የደሴቶቹ ሰዎች የዐይን ጥራት ከአውሮፓውያን እጅግ የራቀ ሆኖ አላገኘውም፤ ሩቅ ያለውን ነገር ለይተው የሚያውቁት የአካባቢያቸውን ዝርዝር ነገር አጥንተው ስለሚያውቁት ነው ሲል ደመደመ።

ሪቨርስ ይዞት ከሄደው ፈተና አንዱ ሙለር-ላየር የተባለው ጀርመናዊ በ1889 ያወጣው የዐይን ማታለያ ሥዕል ነበር። ሁለት እኩል መስመሮች ይሣላሉ፤ በአንዱ ጫፎች ላይ የተቀጠሉት ትንንሽ ክንፎች እንደ ቀስት ራስ ወደ መስመሩ ይታጠፋሉ፤ የሌላው ክንፎች ግን እንደ ባላ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። መስመሮቹ እኩል ሳሉ፣ ባለ ባላው ከባለ ቀስቱ ረዝሞ ይታያል። የደሴቶቹ ሰዎች በዚህ ሥዕል ከእንግሊዞች ይልቅ ጥቂት ብቻ ተታለሉ። በሌላ ሥዕል፣ ማለት የቆመ መስመር ከተጋደመ መስመር ረዝሞ በሚታይበት ላይ ግን፣ ከእንግሊዞች ይበልጥ ተታለሉ። አንድ ሕዝብ ባጠቃላይ በቀላሉ የሚታለል ወይም የማይታለል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ወገን በወደቁ ነበር።

በሪቨርስ ዘገባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ጓዱ ለደሴቶቹ ሰዎች፣ ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው የበለጠ ያያል ይሰማል የሚሉ አሉና እውነት መሆኑን ለማወቅ መጥተናል፣ የምትሠሩትም ሁሉ በትልቅ መጽሐፍ ተጽፎ ሰው ሁሉ ያነበዋል ብሎ ነግሯቸው ነበር። ብልህ አነጋገር ነው፤ ሰዎቹም ተግተው ሠሩ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰውና ያልሰማ ሰው ለአንድ ፈተና እኩል እንደማይተጋ ግልጽ ነው። እንግዲህ በሁለት ሕዝቦች መካከል የተገኘ ልዩነት የዐይን ልዩነት ነው፣ የልማድ ነው ወይስ የትጋት? ውጤቱ ራሱ አይናገርም።

ይህን ለመለየት ሙከራ የሚባለው ነገር በጠባዩ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በተራ አነጋገር ሙከራ ማለት አንድን ነገር ይሆን እንደ ሆነ አድርጎ ማየት ነው። በሳይንስ ግን መርማሪው አንድን ነገር በገዛ እጁ እየለወጠ፣ በዚያ ለውጥ የተነሣ ሌላው ነገር ይለወጥ እንደ ሆነ የሚለካበት ሥራ ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ የሚለወጠው አንዱ ብቻ ይሁን ቢባልም በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻውን ተለውጦ የማይገኝ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1935 ስለ ሙከራ ንድፍ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሻይ ሲኒ አስረዳ። አንዲት ሴት ከወተቱና ከሻዩ የትኛው ቀድሞ እንደ ተቀዳ ቀምሼ ዐውቃለሁ ትላለች። ስምንት ሲኒ ይዘጋጃል፤ በአራቱ ወተቱ፣ በአራቱ ሻዩ ይቀድማል፤ አራት አራት መሆናቸውም ይነገራታል። ከስምንት ሲኒ አራቱን ለመምረጥ 70 ዐይነት መንገድ ስላለ፣ ምንም ሳታውቅ በግምት ሁሉንም በትክክል ለመለየት ያላት ዕድል ከ70 አንድ ነው። የሐረርን ቡና ከሌላው በጣዕሙ እለያለሁ የሚል ሰውም ቢኖር በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይችላል፤ ምንም እንኳ ቡና አፍይዋ ቅር ብትሰኝ።

የምሳሌው ዋና ነገር ግን ቍጥሩ አይደለም፤ ሲኒዎቹ የሚቀርቡበት ተራ በዕጣ መወሰኑ ነው። አንዱ ሲኒ ይወፍራል፣ አንዱ ይሞቃል፣ አንዱ ስኳር ይበዛበታል። አስተናጋጁ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሲኒዎቹን በሁሉ ረገድ እኩል ለማድረግ አይችልም፤ ልዩነቶቹንም ሁሉ ለመቍጠር አይችልም። ዕጣ ሲጣል ግን እነዚያ ልዩነቶች፣ የታወቁትም ያልታወቁትም፣ ለአንዱ ወገን የሚያደሉበት ምክንያት አይኖርም፤ በድንገት ቢያደሉም የድንገቱ መጠን ሊሰላ ይችላል። ይህ አሳብ ከፊሸር በፊትም በሥነ ልቡና ውስጥ ታይቷል፤ ቻርልስ ፐርስና ጆሴፍ ጃስትሮው በ1884 በአሜሪካ፣ ሰው ጥቂት የክብደት ልዩነት ምን ያህል እንደሚሰማው ሲመረምሩ ተራውን የወሰኑት በተበወዘ ካርታ ነበር። በሰዎች ላይ ሲሠራም ነገሩ ያው ነው። አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ለመመርመር የፈለገ ሰው ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በአዲሱ፣ ማነጻጸሪያ የሚሆነውን ሌላውን ወገን በዱሮው ዘዴ ያስተምራል። መምህሩ ራሱ ቢከፍላቸው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ትጉሆቹን ወደ አንድ ወገን ያደርግ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሕዝቦች ንጽጽር ከዋናው ችግሩ ጋር ይጋጠማል፤ ሕዝብነት በዕጣ አይታደልም። ማንም መርማሪ የተወለዱትን ሕፃናት ሰብስቦ፣ እነዚህ በቺካጎ እነዚያ በካላሃሪ ይደጉ ሊል አይችልም። ሁለት ሕዝቦች ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ አይለያዩም፤ በቋንቋ፣ በምግብ፣ በቤት አሠራር፣ በትምህርት፣ ለእንግዳ በሚሰጡት ክብርና ለፈተና ባላቸው ልማድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለያያሉ። አሜሪካዊው ዶናልድ ካምቤል በ1961 እንደ ጻፈው፣ ሁለት ብቻ የሆኑ ነገሮች ተነጻጽረው ልዩነት ቢገኝባቸው ልዩነቱን ለየትኛው ምክንያት መስጠት እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም፤ ሊሰጥባቸው የሚችሉ ምክንያቶች ሁለቱ ነገሮች የሚለያዩባቸውን መንገዶች ያህል ናቸውና።

ካምቤል ይህን የተናገረው ዳር ቆሞ አልነበረም። እርሱና ማርሻል ሲጋል፣ ከሥነ ሰብ ሊቁ ከሜልቪል ኸርስኮቪትስ ጋር ሆነው፣ በአፍሪካ፣ በፊሊፒንስና በአሜሪካ ከሚገኙ ሕዝቦች ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰዎችን በዐይን ማታለያ ሥዕሎች አስፈትነው ውጤቱን በ1966 አሳተሙ። በሁለት ሕዝብ ፈንታ ብዙ ሕዝብ መውሰዳቸው ራሱ የንድፍ ሥራ ነበር። በሙለር-ላየር ሥዕል ላይ በቺካጎ አጠገብ የሚገኙት የኢቫንስተን ነዋሪዎች መስመሮቹ እኩል መስለው እንዲታዩዋቸው አንዱ ከሌላው በ20 በመቶ ያህል መርዘም ነበረበት፤ የካላሃሪ ሳን ሕዝብ ግን ከሞላ ጐደል አልተታለሉም። አጥኚዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት የቤት አሠራር ነው። አናጢ በሠራው፣ ባለ አራት ማዕዘን ክፍልና ባለ ቀጥታ ጠርዝ ዕቃ በሞላበት ዓለም ያደገ ሰው፣ በወረቀት ላይ ያገኘውን ዘንበል ያለ መስመር የክፍል ማዕዘን አድርጎ ማየት ይለምዳል፤ ወደ ውጭ የተከፈቱት ክንፎች ሩቅ ያለ ማዕዘን ስለሚመስሉት መስመሩን አርዝሞ ያያል። በክብ ጎጆ ያደገ ሰው ግን ይህን ልማድ የሚያገኝበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

ከአሳቡ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ጥንቃቄያቸው ነው። ተፈታኙ የተለየ መልስ ቢሰጥ፣ በእርግጥ የተለየ ነገር አይቶ ነው ወይስ ጥያቄው ስላልገባው? መስመር ሲባል ክንፎቹንም ጨምሮ ቢያስብስ? ስለዚህ መስመሮቹን በተለያየ ቀለም ሣሏቸው፤ ክንፎቹንም ከመስመሩ ጥቂት አራቋቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ አንዱ መስመር ከሌላው እጅግ የረዘመባቸውንና ማንም ሊሳሳትባቸው የማይችሉትን ሥዕሎች አቀረቡ፤ በእነዚያ ላይ በትክክል የመለሰ ሰው ጥያቄው እንደ ገባው ታወቀ። እንዲህ ያለ መፈተሻ የሌለው የሕዝቦች ንጽጽር፣ የአስተርጓሚውን ችሎታ ይለካ የሕዝቡን አእምሮ ይለካ የሚታወቅበት መንገድ የለውም።

ይሁን እንጂ ሌላ ተፎካካሪ ምክንያት ብዙ ሳይቈይ ተነሣ። ሮበርት ፖላክ፣ በዐይን ውስጠኛ ክፍል ያለው ማቅለሚያ ሲበዛ በሥዕሉ መታለል እንደሚቀንስ የሚያመለክት ውጤት አቀረበ። በሲጋልና በባልደረቦቹ ጥናት በጥቂቱ የተታለሉት አብዛኞቹ አፍሪካውያን ስለ ነበሩ፣ ልዩነቱ የቤት ነው ወይስ የዐይን ማቅለሚያ? ሁለቱ ምክንያቶች ተደባልቀዋል። የተደባለቁ ምክንያቶችን ደግሞ የሰዎችን ቍጥር በማብዛት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሺህ ሰው በአሥር ሺህ ቢተካም ድብልቁ ድብልቅ ነው። ሜሪ ስቱዋርት በ1973 ያወጣችው ጥናት ማስተማሪያ ለመሆን የሚበቃ ነው። በአንድ በኩል በኢቫንስተን በአንድ ከተማ የሚኖሩትን ጥቁርና ነጭ ልጆች አመሳከረች፤ እዚህ አካባቢው አንድ ሆኖ የሚለያየው ዘር ነው፤ በመታለልም ልዩነት አላገኘችም። በሌላ በኩል በዛምቢያ ከገጠር እስከ ሉሳካ ከተማ ድረስ ያሉትን ልጆች አመሳከረች፤ እዚህ ዘሩ አንድ ሆኖ የሚለያየው አካባቢው ነው፤ ባለ ማዕዘን ቤት በበዛበት መጠን መታለሉም በዛ። እርግጥ የሉሳካ ልጅ ከገጠሩ ልጅ የሚለየው በቤቱ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤትም ሥዕልም ይለምዳል። ነገር ግን ከሁለቱ ተፎካካሪ ምክንያቶች አንደኛው ብዙ ኀይል አጥቷል፤ ይህም የተገኘው በንድፍ ነው።

የአናጢው ዓለም አሳብም ቢሆን ዛሬ በሰላም አልተቀመጠም። ዓይነ ስውር ሆነው ተወልደው በሕንድ አገር በቀዶ ሕክምና ያዩ ልጆች፣ ማየት እንደ ጀመሩ ወዲያው በዚሁ ሥዕል እንደሚታለሉ በ2015 ታትሟል። ማዕዘን አይቶ የማያውቅ ሰው የሚታለል ከሆነ፣ የመታለሉ መነሻ ልማድ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ልማድ ከገባበትም መጠኑን በመጨመርና በመቀነስ ይሆናል። ክርክሩ አሁንም አላበቃም።

ለሥነ ሰብ ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን በላይቤሪያ፣ በክፔሌ ሕዝብ መካከል የተሠራው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር በከቲንግተን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጆን ጌይ፣ የክፔሌ ልጆች በሒሳብ ትምህርት የሚቸገሩበትን ምክንያት ሲፈልግ፣ ከአሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ከማይክል ኮል ጋር ተባበረ። መጀመሪያ የፈለጉት የሕዝቡን ጉድለት ሳይሆን ልማዱን ነበር፤ ክፔሌዎች የሩዝ ገበሬዎች ናቸው፤ ሩዝ በቆርቆሮ እየሰፈሩ ይሸጣሉ ይገዛሉ። ስለዚህ በሳሕን ውስጥ ያለ ሩዝ ስንት ስፍር እንደሚሆን በዐይን እንዲገምቱ ሲጠየቁ፣ ያልተማሩት የክፔሌ ገበሬዎች ከአሜሪካውያን ይልቅ ወደ እውነቱ እጅግ ቀርበው ተገኙ። ፈተናው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሜሪካውያን በመጠን ግምት የደከሙ ሕዝብ ናቸው ተብሎ ሊጻፍ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የማስታወስ ፈተና ነው። ከምግብ፣ ከልብስ፣ ከመሣሪያና ከቤት ዕቃ የተውጣጡ ሃያ ስሞች ይነበባሉ፤ ተፈታኙ ያስታወሰውን ይናገራል፤ ይህም በተከታታይ ይደጋገማል። የአሜሪካ ተማሪዎች ዝርዝሩ በተደገመ ቍጥር ብዙ ያስታውሳሉ፤ ሲናገሩም ምግቡን ከምግብ፣ ልብሱን ከልብስ ጋር ያስከትላሉ። ትምህርት ቤት ያልገቡት ክፔሌዎች ግን ቢደገምላቸውም የሚጨምሩት ጥቂት ነው፤ ስሞቹንም በየወገኑ አያስከትሉም። አንድ ቸኩል መርማሪ እዚህ ላይ ሻንጣውን አሥሮ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ኮልና ባልደረቦቹ ግን ይህን ውጤት መደምደሚያ ሳይሆን መነሻ አደረጉት፤ ሕዝቡን መለወጥ ባይቻል ፈተናውን መለወጥ ይቻላልና። ስሞቹን ከማንበብ ይልቅ ዕቃዎቹን አሳዩ። አራት ወንበሮች አስቀምጠው፣ አንዱን ወገን ዕቃ ሁልጊዜ በአንዱ ወንበር ላይ፣ ሌላውን በሌላው ላይ ከፍ አድርገው አሳዩ። ስሞቹን በተረት ውስጥ አስገቧቸው። ሌላ ጊዜም፣ እስቲ ልብሶቹን ንገሩኝ፣ እስቲ መሣሪያዎቹን ንገሩኝ እያሉ በየወገኑ ጠየቁ። ወንበሮቹ በቀረቡ ጊዜ ማስታወሱም ማስከተሉም ጨመረ፤ በተረቱ ጊዜ ተፈታኞቹ ስሞቹን የተናገሩት ተረቱ በሚሄድበት ሥርዓት ነበር፤ በየወገኑ የተጠየቁት ደግሞ እጅግ ብዙ አስታወሱ፤ ጥያቄው ከቀረላቸው በኋላም ያገኙትን አልጣሉም።

ንድፉ ያስገኘው ምንድን ነው? ክፔሌዎች ከአሜሪካውያን ያነሡበት መጠን ራሱ፣ ፈተናው በቀረበበት ሁኔታ መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ ታየ። የማስታወስ ችሎታ የሌለው ሰው ወንበር ስለ ተቀመጠለት አያገኘውም። የሚጐድለው ችሎታው ሳይሆን፣ ያለ ምንም መያዣ የተሰጠን የቃል ዝርዝር በራስ ብልሃት በየወገኑ ከፍሎ የመያዝ ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ደግሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንደ ሆነ፣ ከክፔሌዎች መካከል ረዘም ያለ ጊዜ የተማሩት ወደ አሜሪካውያኑ አሠራር መቅረባቸው ያመለክታል። ከዚህ የተነሣ ኮልና ባልደረቦቹ በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በሕዝቦች መካከል ያለው የአስተሳሰብ ልዩነት በአመዛኙ፣ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው የአእምሮ ኀይል ከመኖሩ ሳይሆን፣ ያንኑ ኀይል የሚሠሩበት አጋጣሚ ከመለያየቱ የመጣ ነው አሉ። በሁለት ሕዝቦች መካከል አንድ ልዩነት ከማግኘት ይልቅ፣ በእያንዳንዱ ሕዝብ ውስጥ ሁኔታውን እየለወጡ ልዩነቱ የሚሰፋበትንና የሚጠብበትን ማግኘት ይበልጥ ያስረዳል።

ከባልደረቦቹ አንዱ ጆሴፍ ግሊክ የተናገረው ነገር በየቦታው የሚጠቀስ ሆኗል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ክፔሌዎች ዕቃዎችን አብሮ የሚሄደውን ከሚሄደው ጋር እንዲያደርጉ ሲጠየቁ፣ ቢላዋውን ከብርቱካኑ፣ መቈፈሪያውን ከድንቹ ጋር አደረጉ፤ አስተዋይ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው አሉ። ግሊክ በመጨረሻ ቢቸግረው፣ ሞኝ ሰው ቢሆንስ እንዴት ያደርገዋል? ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ጋር፣ መርማሪው ከመጀመሪያው ሲጠብቀው እንደ ነበረው አድርገው ከፋፈሉለት። የጥያቄው ቃል የፈተናው መግቢያ ብቻ ሳይሆን የፈተናው አካል መሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

በኢትዮጵያም ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ያን ዴሬጎቭስኪና ሁለት ተባባሪዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት የምኤን ሕዝብ መካከል ስለ ሥዕል አስተዋይነት ያደረጉትን ምርመራ በ1972 አሳትመዋል። ወረቀት ያልለመዱት ሰዎች ከልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ሥዕል ያለበት ገጽ ሲሰጣቸው፣ ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ጨምድደው ድምፁን ሰሙ፣ ቀመሱትም። ይህን ያየ ሰው ምኤኖች ሥዕል አይገባቸውም ብሎ በጻፈ ነበር። የአውሬ ሥዕል ሰዎቹ በሚያውቁት ሻካራ ጨርቅ ላይ ሰፋ ብሎ በቀረበ ጊዜ ግን፣ አንዳንዶቹ ቀንዱን፣ ጅራቱን፣ እግሩን አንድ በአንድ እየለዩ ጊዜ ወስደው ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ሚዳቋውንና ነብሩን ዐወቁት። እንደ ንድፍ ከተመዘነ ይህ ሥራ ከክፔሌው ያንሳል፤ ጨርቁ ከወረቀቱ የተለየው በዐይነቱ ብቻ ሳይሆን በስፋቱና በሥዕሉም ጭምር ስለ ሆነ፣ የረዳው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። አንዱን ሥዕል፣ በአንድ ስፋት፣ በወረቀትም በጨርቅም አድርጎ ማን የትኛውን ቀድሞ እንደሚያይ በዕጣ መወሰን ይገባ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ የታየው ነገር የሥዕል አለማወቅ ሳይሆን የወረቀት እንግዳነት መሆኑን ለማስጠንቀቅ ይበቃል።

በአስተርጓሚ የሚሠራ ፈተና ሌላም አደጋ አለው። በበርሊን ሒሳብ ያውቃል የተባለ ሐንስ የሚሉት ፈረስ ነበር፤ ድምሩን በኮቴው እየመታ ይናገር ነበር። ኦስካር ፉንግስት በ1907 እንዳሳየው፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም፤ ሐንስ ያነብ የነበረው ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን የሚያነሣበትን ጥቂት እንቅስቃሴ ነው። ከፈረስ ይልቅ ሰው የሰውን ፊት እንደሚያነብ የተረጋገጠ ነው፤ በተለይም ሽማግሌና እንግዳ ቅር እንዳይለው መጠንቀቅ የጨዋነት ምልክት በሆነበት አገር። ስለዚህ ጠያቂው የትኛው ተፈታኝ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነና ከእርሱ ምን ዐይነት መልስ እንደሚጠበቅ እንዳያውቅ ማድረግ፣ በሚቻልበት ሁሉ የንድፍ ግዴታ ነው።

ሕዝብነት በዕጣ አይታደልም ቢባልም፣ አልፎ አልፎ የታሪክ አጋጣሚ ራሱ ዕጣውን ይጥላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። እዚያ እንደ ደረሱ ቤተሰቦቹ በየአገሩ ወዳሉት የመቀበያ ማዕከሎች የተላኩት፣ ምርጫቸው ሳይጠየቅ፣ ቦታ በተገኘበት፣ ከዕጣ በማይለይ አኳኋን ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ልጅ ወደ ደኅና ትምህርት ቤት፣ ሌላው ወደ ደካማ ትምህርት ቤት ገባ። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በሒሳብ ፈተና ብርቱ በሆኑት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመሩት ልጆች ከዓመታት በኋላ ትምህርት የማቋረጣቸው ነገር ያነሰ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የማለፋቸው ዕድል የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የእነዚህን ልጆች ውጤት ከሌሎች የእስራኤል ልጆች ጋር ብቻ ያመሳከረ ሰው፣ ምክንያቱን በባሕላቸው፣ በወላጆቻቸው አለመማር ወይም በቋንቋ ላይ ለመጣል ሁሉ ነገር ይመቸዋል። እዚህ ግን የተመሳከሩት በአንድ ጉዞ የመጡ፣ በአንድ ባሕል ያደጉ ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው የተለየው የገቡበት ትምህርት ቤት ነው።

በመርማሪ እጅ የተጣለ ዕጣም በኢትዮጵያ ገጠር ተሞክሯል። ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ ያደረጉት ሙከራ፣ የሰው ተስፋና ምኞት ኑሮውን ይለውጠው እንደ ሆነ የሚመረምር ነበር። ከየመንደሩ የተመረጡት ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን፣ እንደ እነርሱ ካለ የገጠር ኑሮ ተነሥተው በጥረታቸው የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም እንዲያይ ተጋበዘ። ሁለተኛው ተራ የአገር ውስጥ የመዝናኛ ፊልም አየ። ሦስተኛው ምንም አላየም። ሁለተኛው ወገን ለምን እንዳስፈለገ ለማስተዋል፣ ፊልም በማይዘወተርበት መንደር የፊልም ግብዣ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ማሰብ ይበቃል። እንግዳ መጥቶ ጠራኝ የሚለው ደስታ፣ ከጎረቤት ጋር መሰብሰቡ፣ የሥዕሉ መንቀሳቀስ፣ እነዚህ ሁሉ ብቻቸውን አሳብን ሊለውጡ ይችላሉ። የመዝናኛው ወገን እነዚህን ሁሉ አግኝቷል፤ ያላገኘው የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ታሪኩን ባዩት ዘንድ በምኞት፣ ገንዘብ በማጠራቀምና ልጆችን ትምህርት ቤት በማስገባት ረገድ መጠነኛ መሻሻል ታየ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩም በልጆች ትምህርት ረገድ የተገኘው ልዩነት አልጠፋም ነበር።

የዚህ ሙከራ ማስረጃ የጠነከረው ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር በማመሳከሩ ነው፤ የተጠራውና ያልተጠራው በዝናሙም፣ በመሬቱም፣ በቋንቋውም አንድ ናቸው። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ጎረቤት ያየውን ለጎረቤቱ ማውራቱ ስለማይቀር፣ ምንም ያላየው ሦስተኛ ወገን በጨዋታ ላይ የሰማው ነገር ይኖራል፤ ይህም ልዩነቱን ከእውነተኛው መጠን ያሳንሰዋል። ደግሞም በዶባ የተገኘው ውጤት ለዶባ ነው። ያው ፊልም በወሎ ወይም በጋሞ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ፣ በዚያ ያሉትን ሰዎች ታሪክ ይዞ በዚያው አገር ሌላ ዕጣ መጣል ያስፈልጋል።